«ሴል»ንና «ሴይል»ን ሳያምታቱ ለመጠቀም፦ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ቀን ራሴን ለአንድ የማላውቀው ሰው ሳስተዋውቅ «አይ አም ፎር ሴይል» አልኩት። «ሽያጭ ክፍል ነው የምሠራው» ማለቴ ነበር። እሱ የሰማው ግን «ለሽያጭ ቀርቤያለሁ» የሚል ነው። ሰውየው ጨዋ ስለነበር አልሳቀም። ዝም ብሎ አየኝና «ሃው ማች?» አለኝ።

ይህን የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቅ የለም። መስኮት ላይ፣ ማስታወቂያ ላይ፣ ስልካችን ላይ በየቀኑ እናየዋለን። ትርጉሙን የሚስት ሰው ብዙም አልገጠመኝም። የምንሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ ግሱንና ስሙን አንድ እናደርጋቸዋለን። ሁለተኛ፣ አጠገባቸው የምትቆመውን ትንሽ ቃል ከአማርኛው «ለ» እና «በ» እንዳለ እንገለብጣለን። የዚህ መመሪያ ሥራ እነዚህን ሁለት ቀዳዳዎች መድፈን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ በአጻጻፍ እንስማማ። ከዚህ በታች ሁለቱን ቃላት እንዲህ ለይቼ ነው የምጽፋቸው፦

- «ሴል» ግሱ ነው። መሸጥ ማለት ነው። የሚጻፈው ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤል ተብሎ ነው።
- «ሴይል» ስሙ ነው። ሽያጭ ማለት ነው፤ አንዳንዴም ቅናሽ። የሚጻፈው ኤስ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኢ ተብሎ ነው።

በሲ የሚጀምረው «ሴል»፣ ህዋስ ወይም የእስር ቤት ክፍል የሚባለው፣ ሌላ ቃል ነው። እሱን እርሱት።

አሁን ወረቀት አውጡና እነዚህን አምስት ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛ ጻፉ። ገና አትተርጉሟቸው።

1. ስልኬን እሸጣለሁ።
2. ስልኬን ለጓደኛዬ ሸጥኩለት።
3. ስልኬን በ100 ዶላር ሸጥኩት።
4. ይህ ስልክ ይሸጣል።
5. ስልኮች ላይ ቅናሽ አለ።

ቀላል ይመስላሉ። እያንዳንዳቸው ግን አንድ አንድ ወጥመድ አላቸው። በየደረጃው አንድ በአንድ እንፈታቸዋለን። በድምፅ የሚጽፍ ስልክ ካላችሁ አጠገባችሁ አድርጉት፤ ደረጃ 2 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 1፦ ግስ ነው ወይስ ስም? መጀመሪያ ይህን ወስኑ

1. አማርኛችሁ ላይ ያለው ቃል «ሸጠ»፣ «ይሸጣል»፣ «ልሸጥ» ዓይነት ከሆነ ወደ «ሴል» ሂዱ። «ሽያጭ» ከሆነ ወደ «ሴይል»።
2. «መሸጥ» የሚለው ቃል ያታልላል። ስም ይመስላል፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን ግስ ነው። «መሸጥ እፈልጋለሁ» ለማለት «አይ ዎንት ቱ ሴል» በሉ።
3. ከቃሉ በፊት ያለውን እዩ። «ቱ»፣ «ካን»፣ «ዊል»፣ «ዶንት» ካለ ግሱን ጻፉ። «አ»፣ «ዘ»፣ «ፎር»፣ «ኦን» ካለ ስሙን ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በብዛት የማየው ስህተት «አይ ዎንት ቱ ሴይል ማይ ፎን» ነው። «ሴይል» ግስ ሆኖ አያገለግልም። ጆሮ ላይ ደግሞ ይብሳል። ልክ እንደ እሱ የሚነበብ፣ በሌላ ፊደል የሚጻፍ ግስ አለ፤ ትርጉሙም በጀልባ መጓዝ ወይም ጀልባ መንዳት ነው። ስለዚህ ሰሚው «ስልኬን ባሕር ላይ ልነዳው ነው» ያላችሁት ይመስለዋል።

አሁን የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፤ «ስልኬን እሸጣለሁ»። ግስ ስለሆነ «አይ ሴል ማይ ፎን» ለማለት ትቸኩላላችሁ። ቆዩ። አማርኛችን «እሸጣለሁ» ሲል ልማድም ሊሆን ይችላል፣ ዕቅድም። እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። «አይ ሴል ፎንስ» ያለ ሰው ሥራው ስልክ መሸጥ ነው። ያላችሁን አንድ ስልክ ልትሸጡ ካሰባችሁ «አይ አም ሴሊንግ ማይ ፎን» ነው የሚባለው።

መጨረሻው ላይ «ስ» ሲጨመርበትስ? እዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦

- «ሂ ሴልስ» ማለት «እሱ ይሸጣል» ነው። ግስ ነው።
- «ሴይልስ» ማለት የሽያጭ ሥራው፣ ክፍሉ ወይም የተሸጠው መጠን ነው። «ሴይልስ አር አፕ» ሲባል ሽያጩ ጨምሯል ማለት ነው። «ኢዝ» ሳይሆን «አር» እንደተባለ ልብ በሉ።

ሥራችሁን ስትናገሩ «አይ ወርክ ኢን ሴይልስ» ወይም ባጭሩ «አይ አም ኢን ሴይልስ» በሉ። እኔ ያን ቀን የጎደለኝ ይህቺው «ኢን» እና አንዲት «ስ» ነበሩ። የሥራ መደብ ሲሆንም «ሴይልስ ማናጀር»፣ «ሴይልስፐርሰን» ነው፤ «ስ»ዋ አትወድቅም። በነገራችን ላይ እኛ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሴልስ» ብለን መጻፍ ለምደናል። አማርኛ ላይ ችግር የለውም፤ ለምደነዋል። ያንኑ ይዘን በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ ግን ግሱ ሆኖ ቁጭ ይላል። የሥራ ማመልከቻ ላይ እንዲህ ዓይነት ስህተት ያስቆጫል።

ደረጃ 2፦ አፋችሁን ለዩ

ሁለቱን ቃላት በጽሑፍ ለይቶ በአፍ አንድ የሚያደርጋቸው ብዙ ነው።

1. «ሴል» በሉ። አጭር ነው። አፋችሁ ከተከፈተበት አይንቀሳቀስም፤ ወዲያው «ል» ላይ ይዘጋል።
2. «ሴይል» በሉ። ይህ ረጅም ነው። «ሴ» ብላችሁ ትጀምሩና መንጋጋችሁ ወደ «ይ» ከፍ ይላል፤ ከዚያ «ል»። እጃችሁን አገጫችሁ ላይ ብታደርጉ እንቅስቃሴው ይሰማችኋል።
3. በጥንድ ተለማመዱ፦ «ቴል» እና «ቴይል»፣ «ፌል» እና «ፌይል»፣ «ሴል» እና «ሴይል»።
4. ስልካችሁ ላይ በድምፅ መጻፊያውን ክፈቱ። ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉና ቃሉን ብቻውን ተናገሩ። ምን እንደጻፈ እዩ።

እዚህ ላይ አትደናገጡ። «ሴይል» ስትሉ የጀልባውን ቃል ሊጽፍላችሁ ይችላል። ድምፁ አንድ ስለሆነ አልፋችኋል ማለት ነው። በሙሉ ዓረፍተ ነገር አትፈትኑት፤ ስልኩ ከአካባቢው ቃላት ገምቶ ስህተታችሁን ስለሚያርመው ያለፋችሁ ይመስላችኋል።

የማይሆንላችሁ ከሆነ «ይ»ዋን አጋንኑ። ትንሽ የተጋነነ «ሴይይል» ይገባል፤ የተድበሰበሰው ግን አይገባም።

ደረጃ 3፦ ያለፈውን ጊዜ ጨርሱ

ይህ አጭር ነው። ያለፈው «ሶልድ» ነው። «ሴልድ» የሚባል ቃል የለም።

- ሸጥኩት፦ «አይ ሶልድ ኢት»
- ሸጬዋለሁ፦ «አይ ሃቭ ሶልድ ኢት»
- ተሸጠ፦ «ኢት ዎዝ ሶልድ»
- አልሸጥኩትም፦ «አይ ዲድንት ሴል ኢት»

የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አንብቡት። «ዲድ» ከገባ ያለፈውን ጊዜ እሱ ተሸክሞታል፤ ግሱ ወደ «ሴል» ይመለሳል። «ዲድንት ሶልድ» ካላችሁ ሁለት ጊዜ አሳለፋችሁት። ጥያቄም እንደዚያው ነው፦ «ዲድ ዩ ሴል ኢት?»

ደረጃ 4፦ «ለ»ን እና «በ»ን አትገልብጡ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉና ይህን አንብቡ። አብዛኛው የገንዘብ ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር እንይ፤ «ስልኬን ለጓደኛዬ ሸጥኩለት»። እዚህ ገዢው ጓደኛዬ ነው። አሁን ደግሞ ጓደኛዬ ስልኩን ሰጥቶኝ፣ እኔ ገዢ ፈልጌ ብሸጥለትስ? ያኔም «ሸጥኩለት» ነው የምለው። አማርኛችን ሁለቱንም በአንድ «ለ» ይሸከማል። እንግሊዝኛው አይሸከምም።

1. ሰውየው ገዢ ከሆነ «ቱ» ተጠቀሙ፦ «አይ ሶልድ ማይ ፎን ቱ ማይ ፍሬንድ»።
2. ሰውየው ባለንብረቱ ከሆነና እናንተ ከሸጣችሁለት «ፎር» ተጠቀሙ፦ «አይ ሶልድ ሂዝ ፎን ፎር ሂም»።
3. ሳትወስኑ አትጻፉ። ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ እንደገባ የሚናገረው ይህቺ ቃል ነች። ለሂሳብ ክፍል በሚላክ መልእክት ላይ «ሶልድ ፎር ዘ ክላየንት» ብላችሁ ብትጽፉ ደንበኛው ገዢ መሆኑ ቀርቶ ሻጭ ሆኖ ይነበባል።

ያለ «ቱ» የሚሄድ አባባልም አለ። ሰውየው ቀድሞ ዕቃው ይከተላል፦ «አይ ሶልድ ማይ ፍሬንድ ማይ ፎን»። ትክክል ነው። ግን ዕቃውን ሳትጠሩ እንዳታቆሙ! «አይ ሶልድ ማይ ፍሬንድ» ብላችሁ ካቆማችሁ ጓደኛችሁን ሸጣችሁት ማለት ነው። እስክትለምዱት ድረስ «ቱ» ያለበትን ያዙ።

ቀጥሎ «በ»። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «በ100 ዶላር ሸጥኩት» ይላል። ብዙ ሰው «ባይ» ብሎ ይተረጉመዋል። ስህተት ነው። የእኛ አንዷ «በ» እዚያ ስትደርስ እንዲህ ትበታተናለች፦

- የተሸጠበት ጠቅላላ ዋጋ «ፎር» ይፈልጋል፦ «አይ ሶልድ ኢት ፎር 100 ዶላርስ»።
- የአንዱ ዋጋ «አት» ይፈልጋል፦ «ዌ ሴል ዜም አት 10 ዶላርስ ኢች»።
- በኪሳራ «አት አ ሎስ»፣ በትርፍ «አት አ ፕሮፊት»፣ በቅናሽ «አት አ ዲስካውንት» ነው።
- መለኪያ ሲሆን «ባይ» ይመጣል፦ በኪሎ «ባይ ዘ ኪሎ»፣ በሊትር «ባይ ዘ ሊተር»፣ በደርዘን «ባይ ዘ ደዝን»።
- በዱቤ «ኦን ክሬዲት» ነው። በጨረታ ደግሞ «አት ኦክሽን»።
- በኢንተርኔት ሲሆን ምንም አትጨምሩ፦ «አይ ሶልድ ኢት ኦንላይን»።

አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት «ፎር» ቢገናኙ አትፍሩ። «አይ ሶልድ ኢት ፎር ማይ ብራዘር ፎር 100 ዶላርስ» ማለት «ለወንድሜ በ100 ዶላር ሸጥኩለት» ነው፤ ወንድሜ ባለቤቱ ነው።

ደብዳቤ መሃል ላይ ትክክለኛዋ ቃል ብትጠፋችሁ አትገምቱ። ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ቦታ ቁረጡት። «አይ ሶልድ ዘ ፎን። ዘ ፕራይስ ዎዝ 100 ዶላርስ። ዘ ባየር ዎዝ ማይ ፍሬንድ።» ውበት የለውም፤ ግን ማንም አይሳሳትበትም።

ደረጃ 5፦ «ይሸጣል»ን ፍቱት

አራተኛው ዓረፍተ ነገር «ይህ ስልክ ይሸጣል» ነው። «ይሸጣል» አማርኛ ላይ ብዙ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፦

1. ገዢ እየተፈለገ ነው? «ዚስ ፎን ኢዝ ፎር ሴይል»።
2. ገበያ አለው፣ ቶሎ ቶሎ ይወጣል ለማለት ነው? «ዚስ ፎን ሴልስ ዌል»። ዕቃው ራሱ ሻጭ የሆነ ይመስላል፤ ግን የሚባለው እንዲህ ነው።
3. አጠቃላይ ልማድ ነው? ለምሳሌ ዘይት በሊትር ይሸጣል፦ «ኦይል ኢዝ ሶልድ ባይ ዘ ሊተር»።
4. ወደፊት የሚሆን ነው? «ኢት ዊል ቢ ሶልድ ቱሞሮ»።

የኛው አራተኛ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ዓይነት ነው። «ዚስ ፎን ኢዝ ሴል» ወይም «ዊል ሶልድ» የሚል ነገር ጽፋችሁ ከሆነ አጥፉት።

አምስተኛው ላይ ስንደርስ ትልቁ ወጥመድ ይመጣል። «ፎር ሴይል» እና «ኦን ሴይል» መንታ ይመስላሉ፤ አይደሉም።

«ፎር ሴይል» ሁልጊዜም አንድ ትርጉም ነው ያለው። የሚሸጥ ነው፤ ባለቤቱ ሊሸጠው ፈልጓል። ስለ ዋጋው ምንም አይናገርም።

«ኦን ሴይል» ግን እንደ አገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዕቃ «ኦን ሴይል» ነው ከተባለ ዋጋው ቀንሷል። ብሪታንያ ውስጥ ግን «ለገበያ ቀርቧል፣ ይገኛል» ማለት ነው። ቅናሹን ለመናገር ብሪታንያውያን «ኢን ዘ ሴይል» ይላሉ። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የትኬት ጉዳይ ነው። «ቲኬትስ ጎ ኦን ሴይል ኦን መንደይ» ሲባል አሜሪካም ሆነ ብሪታንያ «ትኬት መሸጥ የሚጀመረው ሰኞ ነው» ማለት ነው፤ ቅናሽ የለበትም።

እንግዲህ «ኦን ሴይል» ስታነቡ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. አጠገቡ መቶኛ ወይም የተሰረዘ የድሮ ዋጋ አለ? ካለ ቅናሽ ነው።
2. ቀን ተጽፏል? ነገሩስ ትኬት፣ አዲስ መጽሐፍ ወይም አዲስ ስልክ ነው? «ጎ» ወይም «ጎስ» የሚል ግስ ካለበት ሽያጭ የሚጀመርበት ቀን ነው።
3. ሁለቱም ካልሆነ ጸሐፊው የየት አገር ሰው እንደሆነ እዩ።
4. አሁንም ካልገባችሁ ጠይቁ፦ «ኢዝ ዚስ ፉል ፕራይስ?» ይህ ጥያቄ የትም አገር አያሳፍርም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ሰው ያወጣውን ዕቃ አይታችሁ «ኢዝ ኢት ኦን ሴይል?» ብላችሁ አትጻፉለት። «ይሸጣል ወይ?» ማለታችሁ ነው። አሜሪካዊው ግን «ቀንስልኝ» ያላችሁት መስሎት ፊቱን ያጠቁራል። «ኢዝ ዚስ ስቲል ፎር ሴይል?» በሉ።

አምስተኛው ዓረፍተ ነገርስ? «ዜር ኢዝ አ ሴይል ኦን ፎንስ» ወይም፣ ለአሜሪካዊ ከሆነ፣ «ፎንስ አር ኦን ሴይል»።

ደረጃ 6፦ ማስታወቂያውን ሳትከፍሉ አንብቡ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ሐረጎች ፈልጉ። አንዳንዶቹ መብታችሁን ይነካሉ።

- «ፋይናል ሴይል» ወይም «ኦል ሴይልስ አር ፋይናል»፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ብዙ ሰው «የመጨረሻ ቅናሽ» ይመስለውና ደስ ብሎት ይከፍላል። ልኩን ሳትሞክሩ ልብስ ወይም ጫማ አትግዙበት።
- «አዝ ኢዝ»፣ ብሪታንያ ላይ «ሶልድ አዝ ሲን»፦ እንዳለ ነው የሚሸጠው። ጉድለቱን አይታችሁ ግዙ፤ በኋላ ብትመጡ ሻጩ «ነግሬሃለሁ» ይላችኋል።
- «አፕ ቱ 50% ኦፍ»፦ እስከ 50 በመቶ። ዋናዋ ቃል «እስከ» ነች። አንድ ጥግ ላይ ያለ አንድ ዕቃ 50 ከቀነሰ ቀሪው 5 ቢቀንስም ማስታወቂያው አልዋሸም።
- «50% ኦፍ፣ ፕላስ ኤክስትራ 20% ኦፍ»፦ 70 በመቶ እንዳይመስላችሁ። 100 የነበረው መጀመሪያ 50 ይሆናል። ከ50 ላይ 20 በመቶ ሲቀነስ 40 ይቀራል። ጠቅላላ ቅናሹ 60 በመቶ ነው።
- «ክሊራንስ ሴይል»፦ የቆየ ዕቃ ማጣሪያ። ልክና ቀለም ላይመረጥ ይችላል።
- «ጎይንግ አውት ኦቭ ቢዝነስ ሴይል» አሜሪካ፣ «ክሎዚንግ ዳውን ሴይል» ብሪታንያ፦ ሱቁ ሊዘጋ ነው። ዋስትና ያለው ዕቃ ስትገዙ ሁለት ጊዜ አስቡ፤ ነገ የምትመለሱበት በር ላይኖር ይችላል።
- «ጋራዥ ሴይል» ወይም «ያርድ ሴይል»፦ ሰዎች ያገለገለ የቤት ዕቃቸውን ግቢያቸው አውጥተው ሲሸጡ። ጋራዡ አይደለም የሚሸጠው። ብሪታንያ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ከመኪናቸው ኋላ አውጥተው ሲሸጡ «ካር ቡት ሴይል» ይሉታል፤ እዚያም መኪናው አይሸጥም።
- «ሴይል ፔንዲንግ»፦ ገዢ ተገኝቷል፤ ጉዳዩ ግን አላለቀም።
- «ሆልሴይል» ጅምላ ነው። «ቢል ኦቭ ሴይል» ደግሞ ንብረቱ ከሻጭ ወደ ገዢ መተላለፉን የሚያሳይ ሰነድ ነው። መኪና ስትገዙ ሳትይዙት አትሂዱ።

ምግብ ማሸጊያ ላይ ያለው «ሴል ባይ» ለብቻው ይነገር። ብዙ ሰው የሚበላሽበት ቀን አድርጎ ያየውና ምግብ ይጥላል። ቀኑ በዋናነት ለሱቁ ነው፤ «እስከዚህ ድረስ ሽጠው» ይለዋል። ለእናንተ የሚናገሩት ሌሎች ናቸው። «ቤስት ቢፎር» ስለ ጣዕምና ጥራት ነው። «ዩዝ ባይ» ግን፣ ብሪታንያ ላይ፣ በተለይ እንደ ሥጋ ባሉ ቶሎ የሚበላሹ ነገሮች ላይ፣ ስለ ጤና ነው፤ እሱን አትለፉት።

ደረጃ 7፦ የራሳችሁን ማስታወቂያ ጻፉ

1. ርዕሱ ላይ ዕቃውን አስቀድሙ፦ «ዩዝድ ላፕቶፕ ፎር ሴይል»። «አይ ዎንት ቱ ሴል…» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ፈላጊው የሚፈልገው ዕቃውን እንጂ ፍላጎታችሁን አይደለም።
2. ሁለተኛው መስመር ላይ ሁኔታውን ተናገሩ። ስንጥቅ ካለው ጻፉት። መደበቅ የሚያተርፈው ጭቅጭቅ ብቻ ነው።
3. ዋጋውን ጻፉ። ድርድር ከፈቀዳችሁ «ኦር ቤስት ኦፈር» ጨምሩ። ካልፈቀዳችሁ «ፕራይስ ኢዝ ፈርም» በሉ።
4. የምትሸጡበትን ምክንያት ባጭሩ ጥቀሱ፦ «ሴሊንግ ቢኮዝ አይ ቦት አ ኒው ዋን»። ምክንያት ያለው ሻጭ ይታመናል።
5. ሲሸጥ ርዕሱ ላይ «ሶልድ» ብላችሁ ጻፉ፤ ወይም ማስታወቂያውን አንሱት።

እዚህ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ። አንድ ላፕቶፕ ሸጣችሁ «ሶልድ አውት» አትበሉ። «ሶልድ አውት» ብዙ የነበረ ነገር ተሸጦ ሲያልቅ ነው፦ ትኬት፣ የሱቅ ክምችት። አንድ የነበረው ከተሸጠ «ሶልድ» ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ገንዘብ የሌለበት «ሴል»

ስብሰባ ላይ «አይ አም ሶልድ» ያላችሁ ሰው አልተሸጠም። «አሳምነኸኛል» ማለቱ ነው። «ሴል ዚ አይዲያ» ሲባልም ሐሳቡን አሳምኖ ማስቀበል ነው።

ለሥራ ቃለ መጠይቅ «ሴል ዩርሰልፍ» ተብላችሁ ብትመከሩ አትቆጡ። በአማርኛ ሲገለበጥ ነውር ነው፤ እንግሊዝኛው ላይ ግን «ችሎታህን አሳይ» ብቻ ነው። ተቃራኒው «ሴል ዩርሰልፍ ሾርት» ነው፤ ራስን ማሳነስ። እኛ በትሕትና ስም አዘውትረን የምንሠራው እሱ ነው መሰለኝ።

ስድብ የሚሆንበትም አለ። «ሂ ሶልድ አስ አውት» ማለት ከዳን፣ አሳልፎ ሰጠን ነው። ሰውየው ራሱ «አ ሴል አውት» ይባላል። ስለዚህ ባልደረባችሁ ዕቃውን ሁሉ ሸጦ ጨርሶ ሲመጣ «ዩ አር አ ሴል አውት!» ብላችሁ አታመስግኑት።

እዚህ «ሴል» ከ«አ» ኋላ እንደመጣ ያስተዋለ አንባቢ ደረጃ 1ን ያስታውሰኛል። ልክ ነው። «አ ሴል አውት» እና «አ ሃርድ ሴል» ሕጉን ያፈርሳሉ። ሁለተኛው ገዢን አጣድፎ፣ ጨቅጭቆ ለመሸጥ መሞከር ነው። እነዚህን እንዳሉ ሸምድዷቸው።

ነገሩ ከተበላሸ በኋላ

*የተሳሳተ መልእክት ልካችሁ ከሆነ።* «ቱ» በ«ፎር» ተቀይሮ ከሆነ ዝም አትበሉ፤ ወዲያው አስተካክላችሁ ላኩ፦ «ኮሬክሽን፦ ሶልድ ቱ ዘ ክላየንት»። «ሴል» በ«ሴይል» ተቀይሮ ብቻ ከሆነ ተዉት፤ አንባቢው ገብቶታል።

*በአፍ ተናግራችሁ ሰሚው ግር ካለው።* ቃሉን ደጋግማችሁ አትጩሁበት። ሌላ መንገድ ያዙ። «ፎር ሴይል» አልገባ ካለ «ዩ ካን ባይ ኢት» በሉ። «ኦን ሴይል» አልገባ ካለ «ዘ ፕራይስ ኢዝ ሎወር ናው» በሉ።

*የማይመለስ ዕቃ ገዝታችሁ ከሆነ።* ደረሰኙን አውጡና «ፋይናል ሴይል» የሚለው የት እንደተጻፈ ፈልጉ። ከመክፈላችሁ በፊት በግልጽ ካልታየ ወይም ዕቃው ብልሽት ካለው ጠይቁ፤ ብዙ አገሮች ውስጥ ለተበላሸ ዕቃ የሸማች ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ አለ።

*ራሳችሁን ለሽያጭ አቅርባችሁ ከሆነ።* እንደ እኔ ማለት ነው። «ሶሪ፣ አይ ሜንት አይ አም ኢን ሴይልስ» በሉና ሳቁ። «ሃው ማች?» ያለኝ ሰውዬ በዚያው ቀን ከእኔ ሁለት ዕቃ ገዝቷል።